ጨረቃ የተቋረጠችበት ሐሙስ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ከዋሸሁ የበላሁት አይርጋልኝ። «ገና ያልመጣ ዘመን ላይ የሆነውን በምን አይተህ ነው እውነት የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱ ሰው መጀመሪያ፣ የትናንቱን ነገር ስንቱ አጣምሞ ሲያወራለት አሜን ብሎ እንደተቀበለ ያስታውስ። የትናንቱን ከነውሸቱ የዋጠ ጉሮሮ የነገውን ከነእውነቱ ቢውጥ አይታነቅም።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ደብረ ዘይትን ከነሐይቆቿ ውጣ፣ ናዝሬትን ጎርሳ ገና እያላመጠች በነበረችበት ዘመን ነው። በሁለቱ መካከል ጨረቃ ሰፈር የሚባል መንደር ነበር። አሰራሩ እንደማንኛውም የጨረቃ ቤት ነው፤ ማታ ባዶ ሜዳ ነበር፣ ሌሊቱን ግድግዳ ቆመ፣ ጠዋት ከጣሪያው ጭስ ወጣ። ከዚያ ልጅ ተወለደ፣ እድር ተቋቋመ፣ ሰው ሞተ። ሰው ከሞተበት ወዲያ መንደር ነው።

በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር በፈረቃ ነበር። መብራትና ውሃ በፈረቃ መሆናቸው የጥንት ወግ ነው፤ አያቶቻችንም ያውቁታል። በዚህ ዘመን ግን መንገዱም ፈረቃ ገባ። የቀኙ ጠርዝ በአንዱ ቀን፣ የግራው በሌላው ቀን ይረገጣል፤ በተሳሳተ ቀን የረገጠ ሰው ጫማው ጮክ ብሎ ስሙን ከነአባቱ ይጠራል። ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ማለቱን ትቶ «ምን መጣ? ምን ሄደ?» ይባባል ጀመር። ጨዋ የሆነ ሰው «ውሃ መጣ፣ መንገድ ሄደ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል።

ሰማይ ላይ ደግሞ የአገልግሎት ቅንጅት ቢሮ የሰቀላቸው መስታወቶች ነበሩ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ብርሃኗን ከማዶ እየቀዱ ሰፈር ላይ ያፈሳሉ። ከቢሮው ጋር የተስማማ ሰፈር ላይ ማለቴ ነው። ያልተስማማ ሰፈር ሲሆን መስታወቱ እንደተቀየመች ምራት ፊቱን ያዞራል። ከጨረቃ ሰፈር ፊታቸውን ካዞሩ ቆይተዋል። ሰፈሩ ማታ ማታ ወጥቶ የሚገባው በጨረቃ ነበር፤ በድሮዋ፣ ማንም ባልሰቀላት።

ጠቡ የመጣው ቢሮው ቦታውን ለድሮን ማረፊያ ስለፈለገው ነው። ነዋሪው ደግሞ ከወንዝ ማዶ ወደተሠሩት ፎቆች እንዲሄድለት ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፤ በዚያ ዘመን ማንም ሰው በግድ አይነሳም። ሕጉ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ነዋሪ የሚነሳው በገዛ ፈቃዱ፣ ከመንደሩ አንድም ሳይቀር እጁን ሲያወጣ ነው። አንድ እጅ ከጎደለ ስምምነቱ የለም። ስለዚህ ቢሮው ማንንም ገፍቶ አያውቅም። ያቋርጣል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ጓንጉል የዚህ መንደር እድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ስድሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ጉንጩ ግን ከጥሩምባው ብዛት እንደ ፊኛ የላላ ሰው ነው። በየማዕዘኑ የቢሮው ተናጋሪ ምሰሶ ተተክሎ ሳለ ሰው አሁንም ጥሩምባ የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። ምሰሶው «ክቡራን ደንበኞቻችን» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሰማ የለም፣ ውሃ መጣ ባለበት ቀን ውሃ መጥቶ አያውቅምና። የጓንጉል ጥሩምባ ግን ሞተ ያለው ሰው ሞቷል። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ከተነፋላቸው በኋላ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ነበር ይባላል፤ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ በር ላይ መሰብሰቡን ሲያዩ አፍረው ተመልሰው ተኙ። ጥሩምባው ይህን ያህል የተከበረ ነው።

ጓንጉል ሚስት አልነበረችውም። ያሉት እናቱ እማማ ጠጅቱ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤታቸውን ግን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ጠዋት ከአልጋቸው ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ይወጣሉ፤ ጭቃው የተሰነጠቀበት ቦታ ሲደርሱ ግራ፣ የበሩ መቃን ሲደርሱ እግራቸውን ከፍ። ውጭ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቁና ባዶ እግራቸውን አፈሩ ላይ ያሳርፋሉ። አፈሩ ቢቀዘቅዝ «ጧት ነው»፣ ቢሞቅ «ቀትር ነው»፣ ቢርስ «ዘነበ» ይላሉ። ሰዓታቸውም ዜናቸውም አፈሩ ነው። «መሬት ካልረገጥኩ ያለሁ አይመስለኝም» ይሉታል ልጃቸውን። ጓንጉል እጁን ያላወጣው በዚህ ነበር። ፎቆቹ ደመና ይጠልዛሉ ሲባል ሰምቷል። ሰው እናቱን ደመና ላይ አውጥቶ ምን ያስረግጣታል?

አንድ ጠዋት እማማ ጠጅቱ ድንጋያቸው ላይ፣ ጓንጉል ደፉ ላይ ተቀምጠው ሳለ አንዲት ልጅ መጣች። ጫማዋ ስሟን የማይጠራ፣ በየትኛውም ጠርዝ በየትኛውም ቀን የምትሄድ ዓይነት ልጅ ነበረች።

«እንደምን አደሩ እማማ። ሲግናል እባላለሁ፣ ከቅንጅት ቢሮ ነኝ።»

«ማን አልሽኝ?»

«ሲግናል። የተወለድኩ ቀን ሰፈራችን ኔትወርክ ገባና ነው።»

«ተመስገን በይ፣ ቧንቧ ቢገባ ምን ሊሉሽ ነበር!» አሉ እማማ ጠጅቱ።

ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ጉልበታቸውን ሳመች፤ ጓንጉል በርጩማ ሲያቀርብላት እምቢ ብላ ከእግራቸው ስር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ፣ የነገውን አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ «ጋሽ ጓንጉል፣ ሐሙስ ማታ የጨረቃ አገልግሎት ይቋረጣል» አለች።

ጓንጉል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። «እሱማ ግርዶሽ ነው ልጄ! መምህር አስቻለው በብርቱካንና በእጅ ባትሪ አሳይተውናል። የምድር ጥላ ነው።»

«ነው» አለች ሲግናል።

«ነው?»

«የምድር ጥላ ነዋ። ቢሮው ጥላ አይደለም አላለም። ይቋረጣል ነው ያለው። አይቋረጥም?»

«መቋረጡንስ...»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው ጋሼ? መብራት ስናቋርጥ ምክንያቱን ነግረናችሁ እናውቃለን?»

ጓንጉል አሰበ። ነግረዋቸው አያውቁም። «እሺ፣ ሰውስ ምን ይሁን ነው የምትሉት?»

«ሐሙስ ማታ ስብሰባ አለ። ጨረቃ ትቋረጣለች። ሰው እጁን ያወጣል። ጨረቃ ትመለሳለች።»

«እጁን ባያወጣስ?»

«ያው ትመለሳለች» አለች ልጅቷ፤ ሳታፍርም ሳትኮራም። «ግን እስከ ዛሬ ያቋረጥነው ነገር ሳትስማሙ ተመልሶ ያውቃል? ሰው የለመደውን ነው የሚያምን።»

እማማ ጠጅቱ እግራቸውን አፈሩ ላይ እያሹ ጣልቃ ገቡ። «ለእኔ ከተቋረጠች ቆይታለች። ሄጄ አልለመንኩም፤ እሷም አልሞተች፣ እኔም አልሞትኩ።»

«እርስዎማ ጎበዝ ነዎት እማማ» አለች ሲግናልና ወደ ጓንጉል ዞረች። «የመጣሁት ለጥሩምባዎ ነው። ምሰሶው ቢናገር ማንም አይሰማም፤ እናውቃለን። እርስዎ ከነፉ ግን ሰው ይወጣል።»

«ጥሩምባው የሞት ነው።»

«አዎ። ለዚህ ነው የምንፈልገው።»

ጓንጉል ተነስቶ «በይ ውጪልኝ» ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቀደም ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ዛሬም ነገም ስምምነቱ ይመጣል ጋሼ። በዚህ ግርዶሽ ካልሆነ በሌላ ይሆናል፤ ከጨረቃ በኋላም የሚቋረጥ ነገር አይጠፋም። ያኔ እማማን የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚያደርሳቸው እጣው ነው የሚያውቀው፣ ሊፍቱም በፈረቃ ነው። አንድ ቤት ግን ምድር ላይ አለ። በሩን ከፍተው የሚወጡበት። እሱን በእማማ ስም ላስይዘው እችላለሁ። ዛሬ።»

የእማማ ጠጅቱ የእግር ጣቶች አፈሩን ጨበጥ አደረጉት፤ ጓንጉል አየ።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባውን አንስቶ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ የሚለውን ሲያጠና ነበር ያደረው። የሚናገራት ቃል ሁሉ ስትመነዘር እውነት እንድትሆን ፈልጓል። ነፋ። ሦስቱን ረጃጅም ነፍቶ ሲያበቃ፣ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሐሙስ ማታ ጨረቃ ትቋረጣለች! እድርተኛ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብሰብ!» አለ።

ባለሱቋ ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋን አዘጋጅታ ከበሯ ወጣች። ብርቄ ለቅሶ ላይ ማንም የማይስተካከላት፣ ሳቅም ላይ እንደዚያው የሆነች ሴት ናት።

«ማን ነው የሞተው ጋሽ ጓንጉል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አስነፋህ በጠዋቱ?»

«ጨረቃ ልትቋረጥ ነው።»

ብርቄ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ቆጣሪዋ በማን ስም ነው?»

«ብርቄ፣ አትቀልጂ።»

«እኔ ምን ቀለድኩ፤ የቀለደውስ የላከህ ነው!» ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ግርዶሽ አይደል? መምህሩ በብርቱካን ያሳየን? እኔ እንደሁ አውቃለሁ። ይሄ ሌላው ሕዝብ ነው እንጂ የሚያሳዝነኝ፤ በቃ ይደነግጣል።»

ጓንጉል እየነፋ ወረደ። በየበሩ አንድ ዓይነት ነገር ገጠመው። ሰው ይወጣል፣ ይሰማል፣ ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ጆሮው ይጠጋና «እኔስ ጥላ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሌላው ነው የሚያሳስበኝ» ይላል። ሸማኔውም አለ፣ አናጢውም አለ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ከቤት የሚወጡ አሮጊት እንኳ በመስኮት አሉ። ሰፈሩን ዞሮ ሲጨርስ፣ ያ የሚደነግጠው «ሌላው ሰው» የት ቤት እንደሚኖር ሊያገኘው አልቻለም።

መጨረሻ መምህር አስቻለው ጋ ደረሰ። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ አሁንም ግን ኮት ሳይለብሱ በር አይከፍቱም።

«ጓንጉል፣ የምድር ጥላ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ መምህር።»

«እኔም አውቃለሁ። አስተምሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ይንገሩና። ብርቱካንዎን ይዘው ይቁሙና ለሁሉም ያሳዩ! እርስዎን ይሰማሉ።»

መምህሩ የኮታቸውን አዝራር ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ። «ምን ልበላቸው? የሚያውቁትን ልንገራቸው? ልጅ ሆነው ያስተማርኳቸው ናቸው፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አልፈዋል። ቢሮው ያለማወቃችንን መስሎህ ነው የሚፈልገው? ጨረቃን አቋረጥኩ ብሎ ሲነግረን እሺ እንል እንደሆነ ነው ሊያይ የፈለገ።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ውሃዬ በዚህ ሳምንት ተራው ነው ጓንጉል። እባክህ» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ሐሙስ ደረሰ። የእድሩ ድንኳን ሜዳው ላይ ተተከለ፤ ለቅሶ ሳይኖር ድንኳን ሲተከል የመጀመሪያው ነበር። ሰው ሁሉ ወጣ። ጓንጉል እናቱን ከነወንበራቸው ተሸክሞ አምጥቶ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ሕጉ አንድም እጅ እንዳይጎድል ይላልና የዓይነ ስውርም እጅ እጅ ነው።

ጀምበር ጠልቃ ገና ሰማዩ ሳይጠቁር ጨረቃዋ ወጣች። ሙሉ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ማንም እንደዚያ አተኩሮ አይቷት አያውቅም። ሲግናል ከድንኳኑ ፊት ቆመች። ንግግር አላደረገችም። ድምፅ ማጉያም አልያዘችም። በላይዋ እጅ የምትቆጥር ትንሽ ድሮን እንደ ተርብ እዝ ትላለች። «እንደምን አመሻችሁ። አገልግሎቱ አሁን መቋረጥ ይጀምራል» አለች።

የጨረቃዋ ጠርዝ ተገመጠ።

የሚገርመው ማንም አልጮኸም። አንድ ሰው እንኳ በመገረም «ወይኔ» አላለም። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ፣ ደረሰኝ እንደሚጠብቅ ደንበኛ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ጓንጉል ሳንባውን በአየር ሞላ። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ሰፈር ያህል ሰው በትንፋሹ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው ነው፤ «ጥላ ነው!» ብሎ ቢጮህ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ያን ያህል ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለት ቃል። መምህሩን አየ። መምህሩ ጫማቸውን እያዩ ነበር። ብርቄን አየ። ብርቄ ከንፈሯን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ከዚያ ከጎኑ ወንበር ላይ የተቀመጡትን እናቱን፣ አፈሩ ላይ የተዘረጋውን ባዶ እግራቸውን አየ። አየሩን ቀስ አድርጎ ተነፈሰው።

«ምን ሆነች?» አሉ እማማ ጠጅቱ።

«እየቀላች ነው እምዬ።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«ዝም ብሏል።»

ጨረቃዋ ጠቅላላ ቀላች፤ ደም የነካው ድስት ክዳን መሰለች። ያን ጊዜ የመጀመሪያው እጅ ወጣ። ኮት የለበሰ እጅ ነበር። ቀጥሎ የብርቄ፣ ቀጥሎ የሸማኔው፣ ከዚያ ሁሉም። የነጠላና የጋቢ ጠርዝ ሲንሸራተት ሜዳው ላይ ነፋስ የገባበት ገብስ ይመስል ሽው አለ።

«ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» አሉ እማማ ጠጅቱ።

«እጅ ነው።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም።»

«የአንተስ?»

ጓንጉል እጁን አወጣ። እናቱ የጋቢውን ሽውታ ሰሙ። የራሳቸውንም እጅ፣ ሳይታይ እንዳይቀር ብለው ይመስላል፣ ከሁሉም ከፍ አድርገው አወጡት።

ድሮኗ ዞራ ዞራ ቆጥራ ጨረሰች። ሲግናል «ተሟልቷል። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን። እጃችሁን ማውረድ ትችላላችሁ» አለች። ማንም አላወረደም። ልጅቷ ደገመችላቸው። «ኧረ በቃ፣ አውርዱ» አለች፣ ይህን ጊዜ የቢሮው ሳይሆን የራሷ በሆነ ድምፅ። አላወረዱም። ጨረቃዋ ገና ቀይ ናትና። ክንዱ የዛለበት ሰው በሌላኛው እጁ ክርኑን ደገፈ። አባት የልጁን ክንድ ያዘለት። እንዲህ እንደቆሙ፣ ሲግናል ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ የጨረቃዋ ጠርዝ እንደ ጥፍር እስኪያበራ ጠበቁ። ያን ጊዜ እልልታው ተነሳ። ሜዳው ተናወጠ። እልልታውን ያወጣችው ብርቄ ነበረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከጓንጉል ጎን ሆና፣ ክንዷን እያሸች፣ «ምንም ቢሆን ፈጥነው ነው የመለሱልን» አለች። «ውሃ ቢሆን ይሄኔ ሳምንታችን ነበር።»

ጓንጉል የምትቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። አልቀለደችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በሥርዓቱ ሄደ። ሲግናል ቃሏን ጠብቃለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ሌላው ሰው ወደ ደመናው ሲወጣ፣ ለጓንጉልና ለእናቱ ምድር ላይ ያለው ቤት ተሰጣቸው። እማማ ጠጅቱ የገቡ ቀን በሩን አስከፍተው ወጡ፣ ጫማቸውን አውልቀው ረገጡ። ለስላሳ፣ እኩል የሆነ፣ ሁልጊዜ ለብ ያለ ነገር ነበር። ፎቁ ከነመንገዱ ከነግቢው በእሱ ተለብጧል። በማግስቱም ረገጡት። ለብ እንዳለ ነው። «ጧት ነው ቀትር?» አሉ።

«ጧት ነው እምዬ።»

«እንዴት አወቅህ?» አሉና ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጣት ተዉ። ግድግዳውም ስንጥቅ ስለሌለው እየዳበሱ ሄደው መመለሻው ይጠፋቸው ነበር፤ ጓንጉል ማዕዘን ላይ እያገኘ ያመጣቸዋል።

ጓንጉልም ሥራ አላጣም። ቢሮው በጨረቃው ጊዜ ጥሩምባውን ስለወደደለት የፎቁ የመቋረጥ አብሳሪ አድርጎ ሾመው። ውሃ ሊቋረጥ ሲል ይነፋል፤ ሊፍት ሊቋረጥ ሲል ይነፋል፤ አየር ማውጫው ሊቋረጥ ሲል ይነፋል። የፎቁ መስኮት አይከፈትም፣ ግድግዳው ቃል አያሳልፍም። የጥሩምባው ጩኸት ግን በደረጃው ጉሮሮ ሽቅብ ወጥቶ ደመናው ድረስ ይሰማል። ሰው ሲሰማ የሚያደርገውን ያውቃል፦ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ያገኘውን ሁሉ ይሞላል። ቢሮው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቸገረው፤ የሚቋረጥ ነገር ጠፍቶ። ያን ቀን «የፈረቃው ሰሌዳ ራሱ ተቋርጧል» ብሎ አስነፋ፤ ሰውም ሞላ።

እማማ ጠጅቱ ክረምቱ ሳይወጣ፣ አንድ ማለዳ ሳይነሱ ቀሩ። አልታመሙም። ጓንጉል ቁርሳቸውን ይዞ ሲገባ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል፤ ሊረግጡ ፈልገው የተዉት ይመስል። እግራቸውን መለሰ፣ ሸፈናቸው፣ ፊታቸውን ሳመ። ከዚያ ጥሩምባውን አንስቶ ወደ ደረጃው ወጣ።

ሦስቱን ረጃጅም ነፋ። የሞቱን ዓይነት ነፋ። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እናቴ ወይዘሮ ጠጅቱ አርፋለች!» አለ። ቃሉ ሁለተኛው ፎቅ ሳይደርስ ሞተ፤ ጥሩምባው ግን ወጣ።

በላይ በሮች ተከፈቱ። ጓንጉል አንገቱን አቅንቶ ጠበቀ። ሊመጡ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ሰማ። በመጀመሪያ ከአንድ ቤት፣ ቀጥሎ ከጎኑ፣ ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ፎቅ፣ ቧንቧ ሲከፈት። ግድግዳው ሁሉ እንደ ወንዝ ይንጫጫ ጀመር። ባልዲ ከባልዲ ይጋጫል፤ «ቶሎ በይ፣ ያንንም አምጪ፣ ድስቱንም!» የሚል ድምፅ ይንቆረቆራል። ደግሞ ነፋ። ውሃው ባሰ።

መምህር አስቻለው ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ግፊት አለው ብለው ሁለት ጀሪካን ይዘው ወረዱ። ጓንጉልን ሲያዩ «ስንት ቀን ይቆያል አሉ?» ብለው ጠየቁት።

«እናቴ ናት መምህር።»

መምህሩ ቆሙ። ጥሩምባውን አዩ፣ የጓንጉልን ፊት አዩ። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ እውነተኛ ሐዘን ነበር ፊታቸው ላይ የነበረው። ጀሪካኖቹን ግን አላስቀመጡም። «ግን ጓንጉል... ውሃውም አብሮ ይቋረጣል ወይስ እሳቸው ብቻ ናቸው?»

ጓንጉል ጥሩምባውን ብብቱ ስር አድርጎ ወደ በሩ ዞረ። መምህሩ «ለማንኛውም ልሙላና መጣሁ» አሉ። ሞልተው ወደ ላይ ወጡ።

ጓንጉል ቤቱ ገብቶ በሩን ክፍት ተወው። ከእናቱ አልጋ ስር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወለሉ ለብ ብሎታል። ከላይ እስከ ታች ግድግዳው ውስጥ ውሃ ይሮጣል፤ በአንድ እናት ሞት ያን ያህል ውሃ ፈስሶ አያውቅም። ያን ጊዜ ብርቄ በበሩ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፤ የያዘችውን ባልዲ በር ላይ አስቀምጣ፣ መጥታ ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ድሮዋ፣ እንደ ጨረቃ ሰፈሯ ብርቄ፣ ደረቷን እየመታች «እማማ ጠጅቱ! እማማ ጠጅቱ፣ መሬት ያልጠገብሽው!» ብላ ሙሾ አወረደች። ጓንጉልም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰ።

ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፤ ምላሴን አላጥፍም። ጨረቃዋ ተቋርጣለች፣ ሰውም እጁን እንዳወጣ ቆሟል። ጫማም ስም ይጠራል፤ ውሃውም እንደነገርኳችሁ በግድግዳው ውስጥ ሮጧል። አንዷን ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ፤ ሰውዬው ብቻውን ተቀምጦ ሳየው ጊዜ እጄ አልታዘዘኝም።

ብርቄ አልመጣችም።